የለውጥ ምጣኔን እንዴት እናስላ? በሐይቅ ዳር ዘንግና በተበሳ ሃይላንድ

"ቲቸር፣ ቀመሩን ይዤዋለሁ። ግን የምንፈልገው ነገር ምንድን ነው?"

ባሕር ዳር ውስጥ ተማሪ ማስጠናት ከጀመርኩ ወዲህ ይህችን ጥያቄ በየዓመቱ እሰማታለሁ። የሚጠይቁኝ ልጆች ሰነፎች አይደሉም። ቀመሩን በቃላቸው ይሉታል። ቁጥር ስትሰጧቸው ቀንሰው፣ አካፍለው መልሱን ያወጣሉ። የወጣው ቁጥር ምን እንደሚል ስትጠይቋቸው ግን ዝም ይላሉ። ልጆቻቸውን ሊያግዙ የሚፈልጉ ወላጆችም ያንኑ ይጠይቁኛል። ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

ትምህርት ቤት "ሬት ኦፍ ቼንጅ" የሚባለውን እዚህ የለውጥ ምጣኔ እለዋለሁ። ጥያቄው ይህ ነው፦ አንዱ ነገር በአንድ ሲጨምር፣ ሌላው በስንት ይለወጣል? ቀመሩም ከዚህ የዘለለ አይደለም።

የለውጥ ምጣኔ = (የመጨረሻው ንባብ − የመጀመሪያው ንባብ) ÷ (የመጨረሻው ጊዜ − የመጀመሪያው ጊዜ)

አንብባችሁ ብቻ አትለፉት። እጃችሁ ካልሠራው አይገባችሁም። ከታች ያለውን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ባለ ካሬ ደብተር። ግራፉ የሚሠራው በሱ ላይ ነው።
- እርሳስ፣ ላጲስ፣ ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ
- ስቶፕዎች ያለው ስልክ
- ካልኩሌተር። የስልኩም ይበቃል።
- ባለ 2 ሊትር ባዶ ሃይላንድ። ጎኑ ለስላሳና ቀጥ ያለ ይሁን። ሽንትር የበዛበት ሃይላንድ ንባቡን ያበላሽባችኋል።
- ቀጭን ሚስማር፣ የወረቀት ፕላስተር፣ የማይለቅ እስክሪብቶ
- ውሃውን የሚቀበል ሳፋ

ከመጀመራችሁ በፊት ተጠንቀቁ

ሃይላንዱን ለመብሳት ሚስማሩን ማጋል ያስፈልጋል። ይህን ትልቅ ሰው ይሥራው። ሚስማሩም በፒንሳ ይያዝ።

ጣና ዳር ሄዳችሁ ራሳችሁ መለካት ካማራችሁ ከጀልባ ማቆሚያው ወይም ከድንጋይ ግንቡ ላይ ሆናችሁ አንብቡ። ውሃ ውስጥ አትግቡ። ዳር ላይ ባለው ውሃ ቢልሃርዚያ ይይዛል። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢና ደንገል በበዛበት ደግሞ ጉማሬ አለ። ብቻችሁንም አትሂዱ።

ክፍል አንድ፦ በዘንግ ላይ የተነበበ ሐይቅ

በሳንቲ ሜትር የተከፋፈለ ዘንግ ሐይቁ ዳር ተተክሏል እንበል። ቁጥሮቹን ለማስተማሪያ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ። አካሄዳቸው ግን የጣና ነው። ሐይቁ በክረምት ይሞላል፣ መስከረም ላይ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ እስከ ግንቦትና ሰኔ እየጎደለ ይሄዳል።

ሐምሌ 5፦ 40 ሳ.ሜ
ሐምሌ 15፦ 54 ሳ.ሜ
ሐምሌ 25፦ 74 ሳ.ሜ
ነሐሴ 5፦ 102 ሳ.ሜ
ነሐሴ 15፦ 124 ሳ.ሜ
ነሐሴ 25፦ 140 ሳ.ሜ
መስከረም 5፦ 148 ሳ.ሜ
መስከረም 15፦ 148 ሳ.ሜ
መስከረም 25፦ 144 ሳ.ሜ

ይህን ደብተራችሁ ላይ ገልብጡት። ቀጥሎ ያለው ሁሉ በሱ ላይ ነው የሚሠራው።

1. ሁለቱን ነገሮች ለዩ

ለውጥ ሁልጊዜ በሁለት ነገሮች መካከል ነው። አንደኛው ራሱን ችሎ ይሄዳል። ሁለተኛው በሱ ይለወጣል። እዚህ ቀኑ ይሄዳል፣ የውሃው ከፍታ ይለወጣል። ደብተራችሁ ላይ "የሚሄደው፦ ቀን። የሚለወጠው፦ ከፍታ" ብላችሁ ጻፉ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ስታካፍሉ የሚሄደው ሁልጊዜ ከታች ነው የሚገባው። ካገላበጣችሁት ሌላ ጥያቄ መለሳችሁ ማለት ነው። "ውሃው 1 ሳ.ሜ እስኪጨምር ስንት ቀን ይፈጃል?" የሚለው ራሱን የቻለ ጥሩ ጥያቄ ነው። የተጠየቃችሁት ግን እሱን አይደለም።

የሚሄደው ነገር የግድ ጊዜ መሆን የለበትም። አየር ከፍ ባልን ቁጥር ይቀዘቅዛል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይወርዳል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ። ልዩነቱ 900 ሜትር ስለሆነ 6 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች ማለት ነው። ከባሕር ዳር በሸሚዝ የወጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ጃኬት የሚፈልገው ለዚህ ነው። እዚህ ላይ የሚሄደው ከፍታ፣ የሚለወጠው ሙቀት ነው። ሰዓት የሚባል ነገር የለም።

2. ቁጥር ሳትነኩ ዩኒቱን ጻፉ

እኔ ተማሪዎቼን ከሁሉ በፊት የማስጽፈው ይህንን ነው። ገና ሳታሰሉ የመልሱን ዩኒት (መለኪያውን) በቃል ጻፉ፦ "ሳንቲ ሜትር በቀን"።

የሚለወጠው ዩኒት ይቀድማል፣ "በ" ይከተላል፣ ከዚያ የሚሄደው ዩኒት ይመጣል። ሊትር በደቂቃ። ኪሎ ሜትር በሰዓት። ብር በኪሎ። ይህ "በ" በቀመሩ ውስጥ የማካፈል ምልክቱ ነው። ከላይ የትኛው፣ ከታች የትኛው እንደሚገባ የሚነግራችሁ እሱ ነው። ዩኒቱን አስቀድሞ የጻፈ ልጅ ገልብጦ ሲያካፍል አይቼ አላውቅም።

3. ንባቡን በጥንቃቄ ያዙ

ራሳችሁ የምትለኩ ከሆነ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዓይነት አቆም ለኩ። ጣና ላይ ጠዋት ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ሞገዱ ዘንጉ ላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ሞገድ ካለ የላይኛውንና የታችኛውን አንብባችሁ መሃሉን ውሰዱ።

4. የሚሄደውን ልዩነት አስሉ

አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። ሂሳቡ ከብዶ አይደለም። ካሌንደሩና ሰዓቱ ተንኮል ስላላቸው ነው። ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

ስለ ቀን። የኛ ወር ሁሌ 30 ቀን መሆኑ ነገሩን ያቀለዋል። ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 5 ያለው 5 እና 5፣ ማለትም 10 ቀን ነው። ከነሐሴ 25 እስከ መስከረም 5 ያለውስ? ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ 10 ይላል። ጳጉሜን ተረሳች! ከነሐሴ የቀሩት 5፣ የጳጉሜን 5፣ የመስከረም 5፣ በድምሩ 15 ቀን ነው። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን 16 ይሆናል። እኛ እዚህ 5 ብለን እንሠራለን።

ስለ ሰዓት። ሰዓት በ60 ነው የሚቆጠረው፣ በ100 አይደለም። ከባሕር ዳር ጎንደር መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባሱ ጠዋት 1:40 ተነስቶ 5:10 ገባ እንበል። የፈጀው 3 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ነው። ይህን 3.30 ብሎ ካልኩሌተር ላይ የሚያስገባ ተማሪ ብዙ ነው። 30 ደቂቃ ግማሽ ሰዓት ስለሆነ 3.5 ነው የሚገባው።

ትክክለኛው፦ 180 ÷ 3.5 = 51.4 ኪ.ሜ በሰዓት
የተሳሳተው፦ 180 ÷ 3.30 = 54.5 ኪ.ሜ በሰዓት

ደቂቃን ወደ ሰዓት ለመቀየር በ60 አካፍሉ። 45 ደቂቃ 0.75 ሰዓት ነው። 20 ደቂቃ 0.33 ነው።

ሌላም አለ። በኛ አቆጣጠር ከ12 ቀጥሎ 1 ነው የሚመጣው። ጠዋት 12:40 ጀምራችሁ 2:10 ላይ ብትጨርሱ፣ 2:10 ላይ 12 ጨምሩና 14:10 አድርጉት። ከዚያ 12:40ን ቀንሱ። 1 ሰዓት ከ30 ይወጣል። ስልካችሁ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ከስልኩ ውሰዱ። አንዱን ከግድግዳው ሰዓት፣ ሌላውን ከስልኩ ከወሰዳችሁ የ6 ሰዓት ስህተት ይገባባችኋል።

5. የሚለወጠውን ልዩነት አስሉ

ሁልጊዜ መጨረሻ ሲቀነስ መጀመሪያ ነው። ትልቅ ሲቀነስ ትንሽ አይደለም። ከመስከረም 15 እስከ 25 ያለውን ተመልከቱ፦ 144 − 148 = −4። የመቀነስ ምልክቷን አትፍሯት፣ አትሰርዟትም። "ውሃው ጎደለ" እያለች ነው። ከሰረዛችኋት ሐይቁን እየጎደለ ሳለ ሞላችሁት።

6. አካፍሉ፣ ከዚያ መልሱን ዓረፍተ ነገር አድርጋችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት

እያንዳንዱን ክፍል እንሥራው።

ሐምሌ 5 – 15፦ 14 ÷ 10 = 1.4 ሳ.ሜ በቀን
ሐምሌ 15 – 25፦ 20 ÷ 10 = 2.0
ሐምሌ 25 – ነሐሴ 5፦ 28 ÷ 10 = 2.8
ነሐሴ 5 – 15፦ 22 ÷ 10 = 2.2
ነሐሴ 15 – 25፦ 16 ÷ 10 = 1.6
ነሐሴ 25 – መስከረም 5፦ 8 ÷ 15 = 0.53
መስከረም 5 – 15፦ 0 ÷ 10 = 0
መስከረም 15 – 25፦ −4 ÷ 10 = −0.4

አሁን በቃል፦ "ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 5 ሐይቁ በአማካይ በየቀኑ 2.8 ሳንቲ ሜትር ጨመረ።" እንዲህ ብላችሁ ስታነቡት ጆሯችሁ ስህተት ይይዛል። 28 ሳንቲ ሜትር በቀን ብላችሁ ብታነቡ፣ ሐይቅ እንዲህ በአንድ ቀን ይነሳል ወይ ብላችሁ ትጠራጠራላችሁ። ቁጥሩን ብቻ ካያችሁ ግን ዝም ብሎ ያልፋል።

"በአማካይ" የምትለዋን ቃልም አትተዋት። በነዚያ 10 ቀናት ውስጥ አንድ ቀን 4፣ ሌላ ቀን 1 ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ሁለት ንባብ ብቻ ይዘን መሃሉን አናውቅም።

7. ከፍታዎቹንና ምጣኔዎቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ

እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ። የጥያቄው ሁሉ ልብ ይህ ነው።

ሐይቁ ከሁሉ በላይ የሞላው መቼ ነው? መስከረም 5 እና 15፣ 148 ላይ። በዚያን ጊዜ የለውጥ ምጣኔው ስንት ነው? ዜሮ። ምጣኔው ከሁሉ የበለጠውስ መቼ ነው? ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 5፣ 2.8። ያኔ ሐይቁ ገና ከ74 ወደ 102 እየሄደ ነበር። ብዙ ውሃ መኖርና ውሃው በፍጥነት መጨመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን ከነሐሴ 5 በኋላ ያለውን እዩ። ምጣኔው 2.8 ነበር። ወደ 2.2 ወረደ፣ ወደ 1.6 ወረደ፣ ወደ 0.53 ወረደ። ሐይቁስ? እየጨመረ ነው። ምጣኔው ስለቀነሰ ውሃው የቀነሰ የሚመስለው ተማሪ በጣም ብዙ ነው። ውሃው የሚቀንሰው ምጣኔው ከዜሮ በታች ሲወርድ ብቻ ነው፣ ማለትም ከመስከረም 15 በኋላ።

ይህ የገባው ሰው ዜናም ይገባዋል። "የዋጋ ንረት ቀነሰ" ሲባል ጤፍ ረከሰ ማለት አይደለም። ዋጋው ዛሬም እየጨመረ ነው፣ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው የወረደው። ልክ እንደ ነሐሴው ጣና።

8. ግራፉን ሥሩ

የሚሄደውን በአግድም፣ የሚለወጠውን በቁም አድርጉ። በአግድም አንድ ካሬ 5 ቀን፣ በቁም አንድ ካሬ 10 ሳ.ሜ ይሁን። ነጥቦቹን አስቀምጡና በማስመሪያ አገናኙ። የእያንዳንዷ ቁራጭ መስመር ስሎፕ (የተዳፋትነቷ መጠን) ቅድም ያሰላችሁት ምጣኔ ነው። ሽቅብ ስትሄድ ምጣኔው ከዜሮ በላይ፣ ሜዳ ስትሆን ዜሮ፣ ቁልቁል ስትሄድ ከዜሮ በታች ነው።

ነሐሴ 25 እና መስከረም 5 መካከል 3 ካሬ እንጂ 2 ካሬ እንዳልሆነ ልብ በሉ። ጳጉሜን እዚህም አለች።

የሁለት ሰዎችን ግራፍ በዓይን ብቻ አታወዳድሩ። አንዱ በቁም 10 ሳ.ሜ፣ ሌላው 50 ሳ.ሜ በካሬ ከያዘ ያው ሐይቅ ባንዱ ላይ ገደል፣ በሌላው ላይ ሜዳ ይመስላል። ቁጥሩን አስሉ።

9. የጠቅላላው ጊዜ ምጣኔ

ከሐምሌ 5 እስከ መስከረም 25 ያለው ሲጠየቅ መጀመሪያና መጨረሻ ብቻ ውሰዱ። ለውጡ 144 − 40 = 104 ሳ.ሜ። ቀኑ ከሐምሌ የቀሩት 25፣ የነሐሴ 30፣ የጳጉሜን 5፣ የመስከረም 25፣ በድምሩ 85። ስለዚህ 104 ÷ 85 = 1.22 ሳ.ሜ በቀን።

ስምንቱን ምጣኔዎች ደምሮ ለ8 ማካፈል አይቻልም ወይ? አይቻልም። 1.27 ይወጣል፣ ስህተት ነው። አንዱ ክፍል 15 ቀን ነው፣ ሌሎቹ 10 ናቸው። ደምሮ ለ8 ማካፈል ግን ሁሉንም እኩል አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ይህ አቋራጭ የሚሠራው ክፍሎቹ ሁሉ እኩል ርዝመት ሲኖራቸው ብቻ ነው።

ክፍል ሁለት፦ የቅጽበት ምጣኔ በተበሳ ሃይላንድ

እስካሁን ያሰላነው አማካይ ነው። "ልክ በዚህች ደቂቃ ላይ ስንት ነው?" ሲባል ግን ሁለት ንባብ የለንም፣ አንድ ነው ያለን። 11ኛና 12ኛ ክፍል ላይ ልጆች የሚደናገሩት እዚህ ነው። ሃይላንዱ ይፍታው።

10. ሃይላንዱን አዘጋጁ

ከታች 5 ሳ.ሜ ያህል ከፍ ብላችሁ፣ ግድግዳው ቀጥ ማለት ከሚጀምርበት፣ በቀጭን ሚስማር ብሱት። ቀዳዳው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከቀዳዳው ወደ ላይ የወረቀት ፕላስተር በቁመት ለጥፉ። ዜሮ ቀዳዳው ላይ ነው፣ የሃይላንዱ ቂጥ ላይ አይደለም። ውሃው የሚቆመው ቀዳዳው ጋ ስለሆነ ከቂጡ ብትለኩ ቁጥሩ መቼም ዜሮ አይደርስም።

ክዳኑን ክፈቱት። ከተከደነ አየር ስለማይገባ ውሃው ይንጠባጠብና ይቆማል።

11. ሙሉት፣ ልቀቁት፣ በየደቂቃው ምልክት አድርጉ

ቀዳዳውን በጣታችሁ ይዛችሁ ከቀዳዳው 16 ሳ.ሜ ከፍ እስኪል ሙሉት። ጣታችሁን ስታነሱ ሌላ ሰው ስቶፕዎቹን ይጀምር። በየደቂቃው ውሃው ያለበት ላይ ፕላስተሩ ላይ ሰረዝ አድርጉ። ያኔውኑ ቁጥር ለማንበብ አትሞክሩ፣ እስክታነቡ ውሃው ይወርዳል። ሰረዞቹን ኋላ በማስመሪያ ለኩ።

የናንተ ቁጥር እንደ ቀዳዳው ስፋት ይለያያል። ሁሉም ሃይላንድ ግን አንድ ባሕርይ አለው። መጀመሪያ ውሃው ከላይ ስለሚጫነው በኃይል ይወጣል፣ ኋላ ይዳከማል። በ8 ደቂቃ የሚያልቅ ሃይላንድ እንዲህ ይሆናል፦

0 ደቂቃ፦ 16 ሳ.ሜ
1 ደቂቃ፦ 12.25
2 ደቂቃ፦ 9
3 ደቂቃ፦ 6.25
4 ደቂቃ፦ 4
5 ደቂቃ፦ 2.25
6 ደቂቃ፦ 1
7 ደቂቃ፦ 0.25
8 ደቂቃ፦ 0

ከፍታውን "ከ"፣ ጊዜውን "ጊ" ካልነው ቀመሩ ይህ ነው፦ ከ = ¼ × (8 − ጊ)²። የመጨረሻዋን ሳንቲ ሜትር አትመኗት። እዚያ ውሃው መንጠባጠብ ስለሚጀምር የናንተ ልኬት ከቀመሩ ይርቃል።

12. ወደ 2ኛው ደቂቃ ቀስ እያላችሁ ተጠጉ

2ኛው ደቂቃ ላይ ከፍታው 9 ነው። ከዚያ ጀምረን ክፍተቱን እያጠበብን አማካዩን እናስላ።

ከ2 እስከ 4 ደቂቃ፦ (4 − 9) ÷ 2 = −2.5
ከ2 እስከ 3፦ (6.25 − 9) ÷ 1 = −2.75
ከ2 እስከ 2.5፦ (7.5625 − 9) ÷ 0.5 = −2.875
ከ2 እስከ 2.1፦ (8.7025 − 9) ÷ 0.1 = −2.975
ከ2 እስከ 2.01፦ (8.970025 − 9) ÷ 0.01 = −2.9975

ወዴት እየሄደ ነው? ወደ −3። ልክ በ2ኛው ደቂቃ ላይ ውሃው በደቂቃ 3 ሳ.ሜ እየወረደ ነው። የቅጽበት ምጣኔ የሚባለው ይህ ነው። ዴሪቬቲቭ የሚሉት ከባድ ቃል ከዚህ ሌላ ትርጉም የለውም።

13. በአልጀብራ አረጋግጡት

ክፍተቱን "ጭ" እንበለው፣ ጭማሪ ለማለት። በ2 + ጭ ላይ ከፍታው፦

¼ × (6 − ጭ)² = 9 − 3ጭ + ¼ጭ²

9 ሲቀነስለት ለውጡ −3ጭ + ¼ጭ² ነው። ለጭ ሲካፈል −3 + ¼ጭ ይሆናል። ጭ ወደ ዜሮ ሲጠጋ −3 ብቻ ይቀራል። ጭን በ1 ተክታችሁ ሞክሩት፣ −2.75 ይወጣል። ከላይ ያገኘነው ነው።

ታዲያ ከመጀመሪያው ጭን ዜሮ ብናደርገውስ? ዜሮ ለዜሮ ማካፈል ይሆናል። እሱ መልስ የለውም። መጀመሪያ አካፍሉ፣ ከዚያ ጭን አጥፉ። ቅደም ተከተሉ አይዛባ።

14. የለካችሁት ቁጥር ከሆነ ግን ብዙ አታጥቡ

ይህን መማሪያ ክፍል ውስጥ ብዙም አይነግሯችሁም። ቀመር ካላችሁ እንደፈለጋችሁ አጥብቡ። በእጅ የለካችሁት ከሆነ ግን አደገኛ ነው። በ0.01 ደቂቃ ውሃው የሚወርደው 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በእስክሪብቶ የምታሰምሩት ሰረዝ ራሱ ከዚያ ይወፍራል። የምታካፍሉት የውሃውን ለውጥ ሳይሆን የእጃችሁን ስህተት ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከምትፈልጉት ነጥብ አንድ ወደኋላ፣ አንድ ወደፊት ውሰዱ። ለ2ኛው ደቂቃ ከ1 እስከ 3 ያለውን፦ (6.25 − 12.25) ÷ 2 = −3። ክፍተቱ የ2 ደቂቃ ሆኖ ሳለ መልሱ ልክ መጣ! ወደኋላ ያለው ክፍል ሲያበዛው፣ ወደፊት ያለው ስለሚያሳንሰው ይካካሳሉ። የሃይላንዱ ቀመር ላይ ልክ ይመጣል፣ ሌሎች ላይ በጣም ይጠጋል። ለጣናም ይሠራል። ሐምሌ 25 ላይ ምጣኔው ስንት ነበር? (102 − 54) ÷ 20 = 2.4 ሳ.ሜ በቀን ያህል።

ደጋግሜ የማያቸው ሌሎች ስህተቶች

ንባቡን ራሱን ለጊዜው ማካፈል። 148 ሳ.ሜን ለቀኑ ቁጥር ያካፍላሉ። የሚካፈለው ለውጡ ነው። ሐይቁ ሐምሌ 5 ላይ ከ40 ጀመረ እንጂ ከዜሮ አልጀመረም።

ከላይና ከታች የተለያየ ቅደም ተከተል መጠቀም። ከላይ መጨረሻ ሲቀነስ መጀመሪያ፣ ከታች መጀመሪያ ሲቀነስ መጨረሻ ከሆነ ምልክቱ ይገለበጣል። ሐይቁ በክረምት ጎደለ የሚል መልስ ካገኛችሁ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ።

ዩኒት ማደባለቅ። አንዱ ንባብ በሜትር፣ ሌላው በሳንቲ ሜትር ከሆነ ሳትቀንሱ በፊት አንድ አድርጉት።

ምጣኔውን ይዞ ሩቅ መተንበይ። በ2.8 ሳ.ሜ በቀን እየቀጠለ ቢሄድ ሐይቁ በዓመት ከ10 ሜትር በላይ ይነሳ ነበር። ስልክ ስትሞሉም እንዲሁ ነው። ከ20 ወደ 65 ፐርሰንት በ50 ደቂቃ ከሞላ ምጣኔው 0.9 ፐርሰንት በደቂቃ ነው። ከ80 በላይ ግን ስልኩ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ስለዚህ 100 የሚደርስበትን በዚህ ብታሰሉ ስልኩ ካሰላችሁት ዘግይቶ ይሞላል። ምጣኔ የሚያገለግለው ለተለካበት አካባቢ ነው።

ራሳችሁን ሞክሩ

ሀ. ውሃ በፈረቃ መጣ። ባለ 500 ሊትር ሮቶ ጠዋት 2:50 ላይ 120 ሊትር ነበረው። 4:05 ላይ 345 ሊትር ሆነ። ምጣኔው ስንት ነው? በዚሁ ከቀጠለ መቼ ይሞላል?

ለ. ከነሐሴ 15 እስከ መስከረም 15 የጣና ዘንግ አማካይ ምጣኔ ስንት ነው?

ሐ. ሃይላንዱ በ4ኛው ደቂቃ ላይ በምን ፍጥነት ይወርዳል?

መልስ

ሀ. ጊዜው 75 ደቂቃ፣ ለውጡ 225 ሊትር፣ ምጣኔው 3 ሊትር በደቂቃ። የቀረው 155 ሊትር 52 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ስለዚህ 4:57 ገደማ ይሞላል።

ለ. 24 ሳ.ሜ ÷ 35 ቀን = 0.69 ሳ.ሜ በቀን። 0.8 ካገኛችሁ ጳጉሜንን ረስታችኋል።

ሐ. ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፦ (2.25 − 6.25) ÷ 2 = −2 ሳ.ሜ በደቂቃ። በአልጀብራም −2 ይመጣል፣ ሠርታችሁ እዩት።